መሰላልና መስኮት፤ ከጣራ ሥር የሚተኛን ሰው ከእሳት የማዳን ሕግ ታሪክ

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የሕንፃ እሳት መከላከያ መመሪያ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ አጭር ድንጋጌ ይገኛል። ከጣራ ሥር የተሠራ መኝታ ቤት መስኮት ለእሳት ማምለጫነት እንዲያገለግል ከተፈለገ፣ ከጣራው የታችኛው ጠርዝ፣ ማለት አሸንዳው ከሚታሰርበት ስፍራ አንሥቶ እስከ መስኮቱ መክፈቻ ግርጌ ድረስ ያለው ርቀት፣ በጣራው ተዳፋት ላይ ሲለካ ከ1.7 ሜትር መብለጥ የለበትም ይላል። እንግሊዝም ይህንኑ ልክ በ2000 በታተመው መመሪያዋ አስፍራው ነበር፤ ኋላ ግን ተወችው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ 1.7 ሜትር ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ መልሱን በሙቀት ስሌት ወይም በጭስ ፍሰት ሠንጠረዥ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ቁጥሩ የሰው ክንድና የመሰላል ቁጥር ነው። መሰላሉን ከጣራው ጠርዝ ላይ አስደግፎ የወጣ እሳት አጥፊ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በመስኮቱ የሚወጣውን ሰው ሊቀበል የሚችልበትን ርቀት ያመለክታል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ሲታይ የመስኮት ልክ የሚመስለው ነገር፣ በእርግጥ በሠሪውና በእሳት አደጋ ሠራተኛው መካከል የተደረገ ያልተነገረ ውል ነው። መስኮቱ ከውጭ የሚመጣ አንድ ሌላ ሰው ይጠብቃል። የዚህ ውል ታሪክ ደግሞ በዕድሜ ከመስኮቱ ይበልጣል።

በጥንቱ የአውሮፓ ከተማ ሰው ከጣራ ሥር የተኛው ወዶ አልነበረም። አሳንሰር ከመፈልሰፉ በፊት የቤቱ ክብር የሚለካው ከመሬት ባለው ቅርበት ነበር፤ ባለቤቱ ከታች፣ ሠራተኛውና ድኻው ተከራይ ከላይ። በፓሪስ ደግሞ ሕጉ ራሱ ሰውን ወደ ጣራው ገፋው። በ1783 የወጣው የንጉሥ ድንጋጌ የሕንፃን ከፍታ ከመንገዱ ስፋት ጋር ሲያስተሳስር፣ የፊት ግድግዳው ከፍታ በአንድ ልክ፣ ጣራው በሌላ ልክ የሚታይበት ሥርዓት ተጀመረ፤ በ1859 የወጣው ደንብም ይህንኑ አጸና። የመሬት ዋጋ የከበደበት ባለሀብት ከግድግዳው አናት በላይ በሚፈቀድለት የጣራ ስፋት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ፎቅ አስገባበት። ለዚህ አመቺ የሆነው፣ ታችኛው ክፍሉ ቀጥ ያለ ላይኛው የተኛ ባለ ሁለት ተዳፋት ጣራ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው አርኪቴክት ከፍራንሷ ማንሳር ነው። እርሱ ጣራውን አስፋፋው እንጂ አልፈለሰፈውም። ማንሳር የሞተው በ1666 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በዚያው ወር ለንደን ተቃጠለች።

የለንደን ቃጠሎ መስከረም 2 ቀን 1666 ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ተነሥቶ በአራት ቀን ውስጥ ወደ 13,200 ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት አጠፋ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ቤቶችን በአራት ደረጃ መድቦ የፎቃቸውን ብዛትና የግድግዳቸውን ውፍረት ወሰነ፤ የውጭ ግድግዳ ሁሉ ከጡብ ወይም ከድንጋይ እንዲሆን አዘዘ። በ1707 የወጣው ሕግ ደግሞ ከግድግዳ አናት ወጥቶ የሚታይ የእንጨት ጌጥን ከልክሎ ቤትን ከቤት የሚለየው የጋራ ግንብ ከጣራው በላይ 18 ኢንች፣ ማለት 46 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ደነገገ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመስኮት የእንጨት ክፈፍ ከግድግዳው ፊት 4 ኢንች ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ነበልባል ከመስኮት ወደ መስኮት እየላሰ እንዳይሄድ ነው።

እነዚህን ሕጎች በጥሞና የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሁሉም የሚጠነቀቁት ለጎረቤት ቤት ነው፤ በሚቃጠለው ቤት ውስጥ ስላለው ሰው አንድም ቃል አይናገሩም። ይህ ጭካኔ አይደለም። ከተማ በሙሉ ሲነድ ያየ ትውልድ የጻፈው ሕግ ነውና ከተማውን ማዳን ቀዳሚው አሳብ ሆነ። ሆኖም ውጤቱ እንግዳ ነበር፤ ከጡብ የተሠራው አዲሱ ቤት እሳቱን በአራት ግንብ ውስጥ አጥብቆ ሲይዘው፣ መካከሉ ላይ ከምድር እስከ ጣራ የሚወጣው የእንጨት ደረጃ ደግሞ የጭስ ማውጫ ሆነ። ከታች የተነሣ እሳት በመጀመሪያ የሚዘጋው የላይኞቹን ሰዎች መውረጃ ነው። ጎረቤቱ ዳነ፤ ከጣራ ሥር የተኛችው የቤት ሠራተኛ ግን ከቀድሞው ይልቅ የተሻለ ዕድል አላገኘችም።

ስለ እርሷ ሕጉ አንድ ነገር የተናገረው በ1774 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የለንደን የሕንፃ ሕግ በብዙ መሐንዲሶች ዘንድ የሚታወቀው የቤቶችን ደረጃና የጋራ ግንብን ውፍረት አጥብቆ በመወሰኑ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቴክኒካዊ ድንጋጌ መካከል፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ለአንድ ፎቅ፣ ለሁለት ፎቅና ለሦስት ፎቅ የሚደርሱ ቢያንስ ሦስት መሰላሎች እንዲኖሩት፣ ዓላማቸውም በሚቃጠል ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲያመልጡ ለመርዳት እንዲሆን የሚያዝ አንቀጽ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሕንፃው ቁመትና የመሰላሉ ቁመት በአንድ ሕግ ውስጥ ተገናኙ። የመስኮቱ ስፋት ግን ገና አልተነካም፤ መሰላሉ ወደ መስኮቱ ይደርሳል፣ ሰውየው በመስኮቱ ያልፍ እንደ ሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

መሰላሉስ በጊዜው ይደርስ ነበርን? የአጥቢያው መሰላል ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቆልፎ የሚቀመጥ ከባድ ዕቃ ነበር። የመድን ኩባንያዎች የየራሳቸው እሳት አጥፊዎች ነበሯቸው፤ በ1833 እነዚህ ተዋሕደው የለንደን እሳት ማጥፊያ ተቋም ሆነው በጄምስ ብሬድዉድ አመራር ሥር ገቡ። ብሬድዉድ የዘመናዊ እሳት ማጥፋት አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። ይሁንና ደመወዙን የሚከፍሉት መድን ሰጪዎች ነበሩና የተቋሙ ቀዳሚ ጉዳይ ንብረት እንጂ ሕይወት አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1836 አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ፤ ስሙም ሕይወትን ከእሳት ለመጠበቅ የቆመ ማኅበር ነው፤ ኋላ የንጉሣዊ ማዕረግ አገኘ።

ይህ ማኅበር ያደረገው ነገር ቀላል ሆኖ ሥራው ግን ትልቅ ነበር። መሰላልን በሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች ላይ አቆመ። ማታ ማታ በአብያተ ክርስቲያናትና በአደባባዮች አጠገብ አንድ አንድ ጠባቂ ከመሰላሉ ጋር ተመደበ፤ የእሳት ጩኸት ሲሰማ እየገፋ ይሮጣል። በመሰላሉ ሥር ደግሞ እንደ ረጅም ከረጢት የተንጠለጠለ የሸራ ቦይ ነበር፤ በመስኮት የወጣ ሰው በዚያ ውስጥ ተንሸራቶ ወደ ምድር ይወርዳል። መሰላሉን በማሻሻል ስሙ የሚነሣው አብርሃም ዋይቬል ሲሆን፣ እርሱ በሙያው ሠዓሊ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 1861 በቱሊ መንገድ መጋዘኖች ላይ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ብሬድዉድ የተናደ ግንብ ወድቆበት ሞተ፤ መድን ሰጪዎችም ከዚያ በኋላ ሸክሙን ለመንግሥት ለመተው ቆረጡ። በ1865 በወጣው ሕግ መሠረት በ1866 መጀመሪያ የለንደን ከተማ እሳት አደጋ ብርጌድ ተቋቋመ። ሕጉ ሕይወትንና ንብረትን መጠበቅ ሁለቱንም የብርጌዱ ተግባር አደረጋቸው። በ1867 ማኅበሩ መሰላሎቹን ለብርጌዱ አስረከበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከላይኛው መስኮት ላይ ቆሞ የሚጮኸው ሰው መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው አዳኝ አለው ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በመመሪያ የተጻፈው 1.7 ሜትር በዚህ ቀን ላይ የቆመ ነው፤ ሰው ባይመጣ ልኩ ትርጉም የለውም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ያዘች። በኒው ዮርክ በ1860 በኤልም መንገድ የተከራዮች ቤት ላይ የደረሰው ቃጠሎ በዚያው ዓመት ሕግ አስወጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የብዙ አገር የሕንፃ ሕግ ልማድ ይኸው ነው። በ1867 የወጣው የተከራይ ቤቶች ሕግ አጸናውና በየሕንፃው ፊት ላይ ዛሬም የሚታየው የብረት ደረጃና ሰገነት ተስፋፋ። የዚህ ዘዴ ምሥጢር ማንንም አለመጠበቁ ነው። ደረጃው ሁልጊዜ አለ። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ነዋሪው ዕቃውን ያስቀምጥበታል፣ ለሌባም መንገድ ይሆናል። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለውን ማዘዝ አልተቻለም።

የለንደን ቤቶች በበኩላቸው ሳይታሰብ የተገኘ አንድ መንገድ ነበራቸው። በ1707 ሕግ ምክንያት በቤቶቹ ፊት ከጣራው በላይ ከፍ ያለ ግንብ የመሥራት ልማድ ሲስፋፋ፣ በግንቡና በጣራው መካከል የዝናብ ውሃ የሚሄድበት ሰፊ የእርሳስ አሸንዳ ተሠራ። ከጣራ ሥር ካለው ክፍል በዶርመር መስኮት ወይም በጣራ ክዳን በር የወጣ ሰው በዚህ አሸንዳ ላይ እየሄደ፣ በግንቡ ተከልሎ፣ ወደ ጎረቤት ጣራ ይሻገር ነበር። እሳትን ለመከልከል የቆመው ግንብ ለሚሸሽ ሰው የእጅ መደገፊያ ሆነ። በ1905 የወጣው የለንደን የሕንፃ ሕግ ማሻሻያ ማምለጫን በሰፊው ሲያነሣ ወደ ጣራ የሚወጣበትን መንገድ ጭምር በሕግ ያዘው፤ ዶርመር መስኮት፣ ወደ ጣራ የሚከፈት በር ወይም መሰላል ያለው የጣራ ክዳን በር ከአማራጮቹ መካከል ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። ይህ መንገድ ሰውየው በራሱ እግር የሚሄድበት ነው፤ የ1.7 ሜትሩ መስኮት ግን ሰውየው ቆሞ የሚጠብቅበት ነው። ነጠላ ሆኖ የቆመ ቤት ጎረቤት ጣራ የለውምና ምርጫ አልነበረውም።

አሁን ወደ መስኮቱ ራሱ። በጣራ ተዳፋት ላይ ተኝቶ የሚገጠመው መስኮት ለረጅም ዘመን ለሰው አልተሠራም ነበር። ከብረት የተቀጠቀጠ፣ መስታወቱ ትንሽ፣ ለዕቃ ማከማቻ ጥቂት ብርሃን ከመስጠትና ጣራ ጠጋኙን ከማውጣት በቀር ጥቅም የሌለው፣ ዝናብም የሚያሳልፍ ነገር ነበር። ይህን የለወጠው ዴንማርካዊው መሐንዲስ ቪሉም ካን ራስሙሰን ነው። በ1909 ተወልዶ በ1932 በኮፐንሃገን በምሕንድስና የተመረቀው ይህ ሰው በ1941 ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1942 ለአንድ ትምህርት ቤት የጣራ መስኮቶችን ሠርቶ ገጠመ። የጣራ መስኮት እንደ ግድግዳ መስኮት ያማረና ውሃ የማያስገባ መሆን አለበት የሚል አሳብ ነበረው። ለምርቱ ያወጣለት ስም ቬሉክስ ሲሆን፣ አየር ማናፈስ ከሚለው ቃል መጀመሪያና በላቲን ብርሃን ከሚለው ሉክስ የተገጣጠመ ነው። ስሙ ውስጥ አየርና ብርሃን አለ፤ ማምለጥ የለም።

ጊዜው ጦርነት ነበረና አዲስ ቤት መሥራት አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ባዶውን የሚቀመጥ የጣራ ሥር ስፋት ግን በየቤቱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም የመኖሪያ ቤት እጥረት በመላው ሰሜን አውሮፓ ስለ ነበር ጣራን ወደ መኝታ ቤት የመለወጥ ሥራ ተስፋፋ። ዶርመር ለመሥራት ጣራውን መቁረጥ፣ ትንሽ ግድግዳና ትንሽ ጣራ ማቆም፣ በየማዕዘኑ ውሃ መከላከል ያስፈልጋል፤ ተኝቶ የሚገጠመው መስኮት ግን በሁለት ወራጆች መካከል ይገባል። ድኻው ከጣራ ሥር የሚተኛበት ዘመን አልፎ የመካከለኛው ቤተሰብ ልጆች የሚተኙበት ዘመን መጣ።

በካን ራስሙሰን ከተፈለሰፉት ነገሮች ዋናው መስኮቱን በወገቡ ላይ የሚያዞረው ማጠፊያ ነው። መስኮቱ በሁለት ጎኑ መካከል ባለው ዘንግ ላይ ስለሚሽከረከር የላይኛው ግማሽ ወደ ክፍሉ ሲገባ የታችኛው ወደ ውጭ ይወጣል። ሚዛኑ የተጠበቀ በመሆኑ ትልቁን መስታወት ሕፃን ልጅ እንኳ ያንቀሳቅሰዋል። ጨርሶ ሲገለበጥ የውጭው ፊት ወደ ውስጥ ስለሚዞር የቤት እመቤት ጣራ ላይ ሳትወጣ ታጥበዋለች። ከዚህ የበለጠ ብልህ መፍትሔ ማግኘት ይቸግራል። ነገር ግን በእሳት ጊዜ ይኸው ብልሃት እንቅፋት ይሆናል፤ ሰፊ የነበረው ቀዳዳ በመካከሉ በሚያልፈው መስታወት ለሁለት ይከፈላል፣ የሚወጣው ሰውም አንገቱን ደፍቶ በታችኛው ግማሽ ለመሹለክ ይገደዳል። ለብርሃን አንድ የሆነ መስኮት ለሰው አካል ሁለት ግማሽ መስኮት ነው። ለማምለጫ የሚሆኑት ስለዚህ ማጠፊያቸው ከላይ ያለና በሙሉ ወደ ውጭ የሚነሡ፣ ወይም እንደ በር በጎን የሚከፈቱ ናቸው። የእንግሊዝ መመሪያም መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ የሚያመልጠው ሰው ሳይደግፈው ተከፍቶ መቆየት እንዳለበት ይደነግጋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሕፃን ታቅፎ በአንድ እጁ መስኮት የሚገፋ ሰው ቢታሰብ ትንሽነቱ ይቀራል።

የቀዳዳውን መጠን በሚመለከት እንግሊዝና አሜሪካ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ከክንድና ከመሰላል ጋር የተያያዘ ነው። የእንግሊዝ መመሪያ የሚጠይቀው ያልተከለለ 0.33 ካሬ ሜትር መክፈቻ ሲሆን፣ ቁመቱም ሆነ ወርዱ ከ450 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ግርጌው ከወለል ከ1,100 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሁለቱን ዝቅተኛ ልኮች ያበዛ ሰው 0.2025 ካሬ ሜትር ብቻ ያገኛል፤ እንግዲህ ወርዱ 450 ከሆነ ቁመቱ ከ733 ሚሊ ሜትር በላይ መሆን አለበት ማለት ነው። በሥራ ላይ ይህን የሚስቱት ጥቂት አይደሉም፤ ሁለት ዝቅተኛ ልኮች ሲሟሉ ሦስተኛው የተሟላ ይመስላል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ደንብ ደግሞ 5.7 ካሬ ጫማ፣ ማለት 0.53 ካሬ ሜትር ይጠይቃል፤ ዝቅተኛው ቁመት 24 ኢንች፣ ዝቅተኛው ወርድ 20 ኢንች፣ የግርጌው ከፍታ እስከ 44 ኢንች ነው። በእነዚህም ሁለቱ ዝቅተኛ ልኮች ሲባዙ ከ0.31 ካሬ ሜትር አይበልጡም።

ከ0.33 እስከ 0.53 ያለው ልዩነት የአንድ የአየር ጠርሙስ ልዩነት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የእንግሊዙ ቀዳዳ የተለካው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚሾልክ ሰው ነው። የአሜሪካው ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የመተንፈሻ መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚገባው እሳት አጥፊ ጭምር የታሰበ ነው። ያ ሰው ራሱን ስቶ አልጋው ላይ የወደቀውን ፈልጎ ያወጣል። አንዱ ሕግ የሚያስበው የነቃውን ሰው፣ ሌላው ያልነቃውን ጭምር ነው።

ወደ 1.7 ሜትር እንመለስና ቁጥሩ ከጣራው ዘንበልታ ጋር እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት፤ የሕጉ ብልሃትም ድካምም የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። የክፍሉ ወለል ከጣራው ጠርዝ ጋር እኩል ነው፣ የጣራውም ውፍረት ይቅር ተብሎ ቢታሰብ፣ በተዳፋቱ ላይ 1.7 ሜትር የወጣ ነጥብ ከወለል ያለው ከፍታ 1.7 በዘንበልታው ሳይን ተባዝቶ ይገኛል። ጣራው 40 ዲግሪ ከሆነ ውጤቱ 1.09 ሜትር ነው፤ ከ1,100 ሚሊ ሜትሩ ወሰን ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። በ40 ዲግሪ ጣራ ላይ ሁለቱ ሕጎች፣ አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ ሲለኩ፣ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ጣራው ወደ 45 ዲግሪ ቀጥ ሲል የሚገዛው የውስጡ ልክ ነው፤ የመሰላሉ ሰው ቅርብ ነው። ጣራው ወደ 30 ዲግሪ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 1.7 ሜትሩ የመስኮቱን ግርጌ ከወለል ወደ 0.85 ሜትር ያወርደዋል።

ይህም ሌላ ችግር ወለደ። መስኮት ዝቅ ባለ ቍጥር ለመሰላሉ ይቀርባል፣ ለሕፃኑም ይቀርባል። ከእሳት ለማዳን የወረደው መስኮት ልጅ ተንጠላጥሎ የሚወድቅበት ሆነ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ነው። የአየርላንድ መመሪያ ስለዚህ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ወሰን አበጀ፤ ለግድግዳ መስኮት ከ800 ሚሊ ሜትር፣ ለጣራ መስኮት ከ600 ሚሊ ሜትር በታች መሆን የለበትም አለ። ለጣራ መስኮት 200 ሚሊ ሜትር የተቀነሰለት፣ ከላይ በታየው የተዳፋት ሒሳብ ምክንያት ሁለቱን ልኮች ማስታረቅ አስፈላጊ ስለ ሆነ ነው ቢባል ያስኬዳል። ያም ሆኖ ጣራው ከ21 ዲግሪ ገደማ በታች ከተኛ 600 ሚሊ ሜትሩና 1.7 ሜትሩ ጨርሰው አይታረቁም። እንዲህ በተኛ ጣራ ሥር መኝታ ቤት የሚሠራ ሰው ስለሌለ ግን ማንም አላዘነበትም።

የጣራ መስኮት ከግድግዳ መስኮት የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። ትኩስ ጭስ ከክፍሉ አናት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጣራ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ አናቱ ጠባብ ስለ ሆነ ቶሎ ይሞላል። መስኮቱ ደግሞ በዚያው ተዳፋት ላይ ነው። መስኮቱን የሚከፍተው ሰው ጭሱን ያወጣል፤ በዚያው ግን ፊቱን ወደ ጭሱ መውጫ ይዞ ነው የሚወጣው። ከወጣም በኋላ የሚያርፈው በሰገነት ላይ አይደለም፤ በረጠበ የሸክላ ክዳን ላይ፣ በሌሊት፣ ከአንድ ቀጭን አሸንዳ በላይ ነው። በግድግዳ መስኮት ላይ ያለ ሰው ቢያንስ እጁ የሚይዘው ደፍ አለው።

በዚህ ሁሉ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው አነስተኛ ዋጋ ያለው አንድ ዕቃ ነው። እንግሊዝ ከ1992 አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲገጠም አደረገች። እስከዚያ ድረስ የሕጉ አሳብ ሁሉ የተመሠረተው ሰውየው የሚነቃው ደረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው በሚል ላይ ነበር፤ መስኮቱም ያስፈለገው ለዚህ ነው። ደወሉ ግን ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰው። ሰውየው ደረጃው ገና ክፍት ሳለ ከነቃ፣ ደረጃው ለግማሽ ሰዓት እሳት በሚችል ግድግዳና በር ቢከለል፣ ሁሉም በእግሩ ይወርዳል።

በ2006 ታትሞ ከሚያዝያ 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ መመሪያ ይህን አሳብ እስከ መጨረሻው ወሰደው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣራው ወደ መኝታ ቤት ሲለወጥ፣ ከዚያ በፊት የተፈቀደው በመሰላል የመዳን አማራጭ ከነሥዕሉና ከ1.7 ሜትሩ ጋር ከመመሪያው ወጣ። ወለሉ ከመሬት ከ4.5 ሜትር የማይበልጥ ክፍል አሁንም በማምለጫ መስኮት ሊጠቀም ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚፈለገው የተከለለ ደረጃ ነው። ከ1774 ጀምሮ በሕንፃውና በመሰላሉ መካከል የቆየው ውል ለላይኛው ፎቅ ፈረሰ ማለት ነው። ውሉን ያፈረሰው የመሰላሉ ማጠር አልነበረም። ከቤቱ በስተጀርባ መሰላል የሚገባበት መንገድ ይኑር አይኑር፣ መኪናው በስንት ደቂቃ ይደርስ እንደ ሆነ፣ ሠሪው ሊያውቅም ሊያዝም አይችልም። ደረጃውን ግን ራሱ ይሠራዋል። በዚህ ረገድ እንግሊዝ ያደረገችው የሚደገፍ ነው፤ ሕግ በሠሪው እጅ ባለ ነገር ላይ ሲቆም ይጠናልና። ሆኖም አሮጌ ቤት የሚያድስ ድኻ ቤተሰብ አንድ መስኮት ከመግጠም ይልቅ ደረጃውን ሙሉ በሙሉ መከለል እንደሚከብደው መካድ አይቻልም።

የውጭ አገር ልክ ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ የሚመዘነው በዚሁ ነው። በአዲስ አበባ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤቶች የመኝታ ቤቱ መስኮት 0.33 ካሬ ሜትርን በብዙ ሲያልፍ ይታያል፤ ከውጭ በኩል ግን ሌባን ለመከላከል የተበየደ የብረት ፍርግርግ አለበት። በልኩ ብቻ ከተመዘነ መስኮቱ ሕጉን ያሟላል፤ ለሚሸሽ ሰው ግን መስኮት አይደለም። ግቢውም በከፍተኛ አጥር የተከበበ ነውና መሰላል ወደ ቤቱ ጥግ ለመድረስ በመጀመሪያ የብረቱን መዝጊያ ማለፍ አለበት። ከውስጥ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ በማጠፊያ ላይ የቆመ ፍርግርግ መሥራት ለአገራችን ብየዳ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሥዕሉ ላይ የሚያሰፍረው ግን መሐንዲሱ ነው።

በቁልፍ ጉዳይ የእንግሊዝ መመሪያ ራሱ ለዘብ ያለ ነው። የማምለጫ መስኮት ሕፃናት በቀላሉ የማይፈቱት መቆለፊያ ያለው መያዣ እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ ቁልፉ ተነቅሎ የሚወጣ መዝጊያም እንዲገጠምበት ይፈቅዳል። ቁልፉ የት እንደሚሰቀል የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው።